ዕድሜና ክፍል ሲለያዩ፦ ከጦርነት በኋላ በዋግ ኽምራ የሴት ልጆች ትምህርት ዕቅዶች ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጦርነት ባለፈባቸው የዋግ ኽምራ ወረዳዎች፣ በተለይም በዝቋላ፣ ሴት ልጆችን ወደ ትምህርት ገበታ ለመመለስ የሚደረገው ጥረት የተመሠረተባቸውን ሕጎችና መርሐ ግብሮች መርምሮ አንድ መሠረታዊ ጉድለታቸውን ማመልከት ነው። ጉድለቱም ባጭሩ ሲገለጽ የሚከተለው ነው። ሕጉ ሴት ልጅን የሚጠብቃት በዕድሜዋ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የሚያስተናግዳት በክፍሏ ነው፤ ጦርነቱ ግን ዕድሜዋ ወደ ፊት ሲሄድ ክፍሏን ባለበት አቁሞታል። ዕቅዶቻችን ይህን ክፍተት ስለማይቆጥሩት፣ ልጅቱ ተመለሰች ተብሎ ሪፖርት በቀረበበት ዓመት ተመልሳ የምትወጣበት በር ክፍት ሆኖ ይቆያል።

ሂስ ማለት የሌላውን ሥራ ማፍረስ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ ከዚህ በታች ከሚተቹት ሥራዎች በአንዱ ዝግጅት ጸሐፊዋ ራሷ ተካፋይ እንደነበረች ከወዲሁ ሊያውቅ ይገባል። ስለዚህ ጽሑፉ በከፊል ግለ ሂስ ነው።

፩. ቦታውና ዘመኑ

ዝቋላ ሲባል ብዙ አንባቢ ቶሎ የሚያስታውሰው ከቢሾፍቱ በስተ ደቡብ ያለውን ባለ ገዳሙን ተራራ ነው። እዚህ የምንነጋገርበት ዝቋላ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ ከሰቆጣ በስተ ምዕራብ ወደ ተከዜ የሚወርደው ቆላማ ወረዳ ሲሆን፣ መቀመጫው ጽጽቃ ይባላል። በአካባቢው አማርኛና ኽምጣና ይነገራሉ። የገበሬው ኑሮ በማሽላና በፍየል ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ዝናብ በቀረ ቁጥር ቤቱ ይናጋል።

የጊዜውን ቅደም ተከተል ማስታወስ ለክርክሩ አስፈላጊ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ትምህርት እንደገና መከፈት በጀመረበት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳ። በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ወደ ዋግ ዘልቆ፣ በ2014 ዓ.ም. እና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የአካባቢውን ኑሮ አናወጠ። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ሰቆጣ ተጠለሉ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። ከዚያም ዝቋላንና ሳህላን ድርቅ መታቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። ስለዚህ «ከጦርነት በኋላ» የምንለው ዘመን በየቀበሌው የተለያየ መነሻ ቀን አለው፤ ጨርሶ ያልጀመረበትም አለ።

በእነዚህ ዓመታት ወንዱም ሴቷም ተጎድተዋል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ሲመለሱ ነው። በ17 ዓመቱ 6ኛ ክፍል የተቀመጠ ወንድ ልጅ «ዘግይቶ የተማረ» ይባላል፤ ጓደኞቹ ቢቀልዱበትም ቤተሰቡ አያፍርበትም። በዚያው ዕድሜ፣ በዚያው ክፍል የተቀመጠችው ልጅ ግን «ቁሞ ቀር» እንዳትባል እናቷ ትሰጋለች። በዚህ ላይ ጦርነቱ የመደፈርን ፍርሃት ጨመረበት። የፕሪቶሪያው ስምምነት በ4ኛ አንቀጹ በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ የሚፈጸመውን ጾታዊ ጥቃት ያወግዛል። በቆላ ቀበሌ የሚኖር አባት ግን ውግዘቱ ፍሬ እስኪያፈራ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም፤ ልጁን ቶሎ ለባል መስጠት የክብርም የደኅንነትም መጠበቂያ መስሎ ይታየዋል። ድርቅ ሲጨመርበት ደግሞ ከማዕዱ አንድ ሰው መቀነሻ ይሆናል። ይህን ሁሉ «የወላጆች ግንዛቤ ማነስ» በሚል አንድ ሐረግ ጠቅልሎ ማለፍ፣ በሪፖርቶቻችን የተለመደ ቢሆንም፣ ነገሩን አለመመርመር ነው።

፪. ሁለቱ መቁጠሪያዎች

ከመንቀፍ በፊት የሚመሰገነውን ማመስገን ተገቢ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት በ15፣ ወንድ በ18 ዓመት እንዲያገቡ ይፈቅድ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ35ኛ አንቀጹ የሴቶችን እኩልነት ደንግጎ፣ ሴቶችን የሚጨቁኑ ወይም በአካላቸውና በአእምሯቸው ላይ ጉዳት የሚያደርሱ ሕጎችን፣ ወጎችንና ልማዶችን ከለከለ። ይህንኑ ተከትሎ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ቀጥሎም የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ጾታ 18 አደረጉት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በ648ኛ አንቀጹ፣ ዕድሜዋ ለጋብቻ ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው፣ ልጅቱ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል።

በትምህርት በኩል የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ ትምህርት ኅብረተሰቡ ስለ ሴቶች ሚና ያለውን አመለካከት እንዲያርም፣ በመምህራን ምልመላና ሥልጠናም ለሴቶች ተሳትፎ ልዩ ትኩረት እንዲሰጥ መመሪያ ሰጠ። በሥርዓቱ መሠረት ልጅ 1ኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው። የክፍሎቹ አደረጃጀት በቅርቡ ስድስት፣ ሁለትና አራት ሆኖ ቢለወጥም ይህ መነሻ አልተለወጠም።

አንባቢው ሁለቱን መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው፣ በወረቀት ላይ የተዋጣ ስምምነት ያያል። በ7 ዓመቷ የጀመረች ልጅ 6ኛን በ12፣ 8ኛን በ14፣ 12ኛን በ18 ዓመቷ ትማራለች። ሕጉ ጥበቃውን የሚያነሣው ትምህርት ቤቱ ሥራውን ሲጨርስ ነው። አንዱ ለሌላው አጥር ሆኖለታል ማለት ነው።

አጥሩ በሰላሙም ጊዜ ክፍተት ነበረው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገሪቱ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ዓመት ከሆኑት ሴቶች 40 በመቶው ከ18 ዓመት በፊት፣ 14 በመቶው ደግሞ ከ15 ዓመት በፊት ትዳር መያዛቸውን አመልክቷል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2014 በለንደን በተካሄደው ጉባኤ ያለዕድሜ ጋብቻን እስከ 2025 ለማስቀረት ቃል ገብታ ነበር። ቀነ ገደቡ ደርሶ ችግሩ አልጠፋም።

አሁን ሦስት ዓመት የተቋረጠባትን ልጅ እናስብ። ይህች ልጅ 18 ዓመት የሚሞላት 9ኛ ክፍል ስትደርስ ነው። ቤተሰቧ ፍየል ሲያስጠብቃት ቆይታ በ9 ዓመቷ የገባች ከሆነ ደግሞ፣ 18 ዓመት የሚሞላት ገና 7ኛ ክፍል ሳለች ነው። 9ኛ ክፍል ለገጠር ልጅ ምን እንደሆነ መምህራን ያውቁታል፤ ከቀበሌዋ ወጥታ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወዳለበት ከተማ ሄዳ፣ ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ስንቅ ከቤተሰቧ እየተላከላት የምትማርበት ክፍል ነው። ስለዚህ ከሁሉም የበለጠ ወጪና ስጋት ካለበት በር ስትደርስ፣ የሕጉ ጥበቃ በዚያው ቀን ያበቃል። አባቷ ያን ጊዜ ሕግ አፍራሽ አይደለም፤ «ሕጉ ያለውን ዕድሜ ጠብቄአለሁ» ቢል እውነቱን ነው። ከ18 ዓመት በኋላ ፈቃዷ ይጠየቃል ይባል ይሆናል። ነገር ግን የቀረበላት ምርጫ ባል ማግባት ወይም ባዶ እጇን ቤት መቀመጥ ብቻ ከሆነ፣ ፈቃድ የሚለው ቃል ትርጉሙ እጅግ ይሳሳል። ልጅቱ አንድም አንቀጽ ሳይጣስባት ትምህርቷን ታጣለች።

፫. መዝገቡ እንደ ምስክር

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ዕድሜዋን የሚያውቀው ማን ነው የሚለው ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ቢወጣም፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተወለዱት፣ ማለትም ዛሬ ከፍ ባሉት ክፍሎች ሊገኙ ለሚገባቸው ልጆች፣ በተወለዱበት ጊዜ የልደት ምስክር ወረቀት የሰጣቸው መዝጋቢ አልነበረም። ስለዚህ በብዙ የገጠር ቀበሌ የልጅቱን ዕድሜ በጽሑፍ የያዘው ሰነድ 1ኛ ክፍል ስትገባ የተጻፈው የትምህርት ቤቱ መዝገብ ነው። ያለዕድሜ ጋብቻ ተጠርጥሮ ጉዳዩ ለሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ሲቀርብ መዝገቡ ይጠየቃል፤ እርሱ ከሌለ ልጅቱ ለዕድሜ ምርመራ ወደ ጤና ተቋም ትላካለች።

በጦርነቱ ጊዜ መዝገባቸው የጠፋባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ለፕራክቲከም የወጡ ዕጩ መምህራንን ለመጎብኘት በሄድሁበት በአንድ ትምህርት ቤት አዲሱን ሮስተር ስገልጥ፣ የዕድሜው ዓምድ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ እስክሪብቶ ተሞልቶ አገኘሁት። ለሴቶቹ የተጻፈው ቁጥር ለወንዶቹ ከተጻፈው በአንድና በሁለት ዓመት ይበልጥ ነበር። የክፍሉን ኃላፊ መምህር ስጠይቃቸው፣ «መዝገቡ ስለሌለ ቁመናቸውን አይተን ነው የሞላነው» አሉኝ። በእርሳቸው አልፈርድም፤ ሪፖርቱ በሦስት ቀን እንዲደርስ ታዘው ነበር። በዚያው ቀን ግን አንድ አባት ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብተው፣ «የልጄን ዕድሜ ከመዝገቡ ላይ እዩልኝ፤ እኔ የማውቀው በየትኛው ክረምት እንደተወለደች ነው» ሲሉ ሰማሁ። ለምን እንደፈለጉት አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም አልነበረም።

እዚህ ላይ የመምህሩ እስክሪብቶ ከዳኛው ብይን በፊት ይቀድማል። ሴት ልጅ ከወንድ እኩያዋ ቀድማ አካሏ ስለሚጎለምስ በቁመና የተገመተ ዕድሜ ወደ ላይ ያዘነብላል፤ ወደ ላይ ያዘነበለው እያንዳንዱ ዓመት ደግሞ ከሕግ ጥበቃዋ የተቀነሰ ዓመት ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆቻችን ዕጩ መምህራንን ስለ ትምህርት ዕቅድ፣ ስለ ፈተና አወጣጥ፣ ስለ ክፍል አያያዝ ብዙ እናስተምራለን። የዕድሜ ዓምድ እንዴት እንደሚሞላና ምን እንደሚያስከትል ግን እኔ በምሠራበት ክፍል አንድ ሰዓት እንኳ ተመድቦለት አላየሁም።

፬. የመርሐ ግብሮቹ ምርመራ

ከዚህ ተነሥተን ዘግይተው ለሚመጡ ልጆች የተዘጋጁትን መርሐ ግብሮች ስንመረምር የሚከተለውን እናገኛለን።

ሀ/ አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት። ይህ መርሐ ግብር ከ7 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች የመጀመሪያዎቹን አራት ክፍሎች በሦስት ዓመት እንዲያጠናቅቁ የሚያደርግ ነው። ጣቢያው ለቀበሌው ቅርብ መሆኑ፣ ሰዓቱም ከቤት ሥራ ጋር እንዲስማማ መደረጉ ለሴት ልጆች ጠቅሟል። ነገር ግን በ4ኛ ክፍል ደረጃ ያበቃል።

ለ/ ስፒድ ስኩል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአገራችን የተጀመረው ይህ አሠራር ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት በ10 ወር ያስጨርሳል። ዘግይቶ የመጣ ልጅ ፈጥኖ ሊማር እንደሚችል በተግባር ያሳየ በመሆኑ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። እርሱም ልጁን ከ4ኛ ክፍል በር አድርሶ ይመለሳል።

ሁለቱም የተነደፉት ትምህርት ጨርሶ ላልጀመረ ወይም በታችኞቹ ክፍሎች ላቋረጠ ልጅ ነው። በጦርነቱ ምክንያት ያቋረጠችው የዝቋላ ልጅ ግን ፊደል ቆጥራለች፤ 4ኛን ወይም 5ኛን አልፋለች። የሚያስፈልጋት መጣደፊያ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለው ነው፤ በእነዚያ ክፍሎች ግን መንገዱ አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም አንድን ክፍል በአንድ ዓመት መማር ነው።

ሐ/ ብርሃነ ሔዋን። ይህ መርሐ ግብር ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም በሞሰቦ የተሞከረ ሲሆን፣ ለልጃገረዶች የትምህርት መሣሪያ ይሰጥ፣ በቡድን ያስተምራቸው፣ ልጃቸውን ሳይድሩ ሁለት ዓመት ለቆዩ ቤተሰቦችም አንዲት ፍየል ይሸልም ነበር። ውጤቱ በሁለት ወገን መነበብ አለበት። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ዘንድ ጋብቻ በእጅጉ ቀነሰ፤ በትምህርት ገበታ የመገኘታቸውም ዕድል ጨመረ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ዘንድ ግን ጋብቻው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከንጽጽሩ ቦታ በልጦ ተገኘ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግማሽ የሚነግረን ሽልማቱ ጋብቻን እንዳዘገየ፣ ከዘገየ በኋላ ግን ለልጅቱ ሌላ መሄጃ እንዳልነበረ ነው። በጦርነት ምክንያት በ16 ዓመቷ 6ኛ ክፍል የምትገኘው ልጅ የምትወድቀው በዚህ በሁለተኛው ግማሽ ውስጥ ነው።

መ/ የማካካሻ ጽሑፎች። ጦርነቱ ጋብ ባለ ጊዜ ለሚመለሱ ተማሪዎች የማካካሻ መልመጃዎች ተዘጋጅተዋል። ለ5ኛ ክፍል የአማርኛ ንባብ ካዘጋጁት አንዷ እኔ ነበርሁ። ምንባቦቹን የመረጥነው የ11 ዓመት ልጅን በዓይነ ሕሊናችን አስቀምጠን ነው፤ ጥጃ የጠፋባት ልጅ፣ ዝናብ የወደደ እንቁራሪት፣ እነዚህን የመሰሉ። ጽሑፉ ሲሞከር ለማየት ዝቋላ ወርጄ ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ። ከፊቴ ካሉት ልጃገረዶች ብዙዎቹ ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ተፈናቅለው በቆዩበት ከተማ እንጀራ ሸጠው ቤተሰብ የረዱ ናቸው። ትምህርቱ ሲያልቅ አንዲቱ ቀርባ፣ «እትዬ፣ ይችን መጽሐፍ ለታናሽ እህቴ ልውሰድላት?» አለችኝ። አነጋገሯ ጨዋ ነበር፤ ፍርዱ ግን የተሟላ ነበር። ያዘጋጀነው ለክፍሉ እንጂ በክፍሉ ለተቀመጠችው ተማሪ አልነበረም። የንባብ ችሎታዋ የ5ኛ ክፍል ቢሆንም፣ ልታነበው የሚገባት ስለ ውል፣ ስለ ሕመምና መድኃኒት፣ ስለ ጋብቻ ሕግ፣ ስለ ገበያ ሒሳብ ነበር።

፭. ከሌላ ጊዜና ከሌላ አገር

ዕድሜው ያለፈን ተማሪ ማስተማር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አያትንና የልጅ ልጅን በአንድ ዳስ አስቀምጧል፤ ጽሑፎቹም ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ቤት አያያዝ ስለነበሩ የአዋቂን ጉዳይ በቀላል ቃል ማቅረብ እንደሚቻል አሳይተዋል። ዘመቻው የተካሄደባቸው ቋንቋዎች በሂደት 15 ደርሰው ነበር፤ ኽምጣና ግን ከእነርሱ አንዱ አልነበረም። ስለዚህ የዛሬዋ ተማሪ አያት በኽምጣና ብቻ የምትናገር ከነበረች፣ ያ ዕድል በደጇ ያለፈው በማታውቀው ቋንቋ ነው። አሁን የምናዘጋጀው ጽሑፍ ያንን ስሕተት መድገም አይኖርበትም።

ከሌላ አገር የሴራሊዮን ተሞክሮ ይጠቅሰናል። እ.ኤ.አ. በ2002 ጦርነቱ ባበቃበት ዘመን፣ ዕድሜያቸው ላለፈ ልጆች ስድስቱን የመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች በሦስት ዓመት የሚያስጨርስ መርሐ ግብር በሥራ ላይ አውላለች። የቀድሞው ታጣቂና ትምህርት ያቋረጠችው ልጅ በአንድነት ተምረውበታል። የዚያችው አገር ሌላ ገጽ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። ከኢቦላ ወረርሽኝ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 ነፍሰ ጡር ልጃገረዶች ከሌሎች ተማሪዎች ጋር እንዳይማሩ ተከለከሉ፤ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት በ2019 ከፈረደ በኋላ ክልከላው በ2020 ተነሣ። በእኛ ዘንድ ያገባችው ወይም የወለደችው ልጅ የምትገለለው በክልከላ ሳይሆን፣ የትምህርት ሰዓቱም፣ መጽሐፉም፣ ወንበሩም እርሷን ሳያስቡ በመዘጋጀታቸው ነው።

፮. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ትምህርትን ማጣደፍ ጥራቱን ይቀንሳል የሚል ነው። ተቃውሞው በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም የ16 ዓመት ልጅ የ10 ዓመት ልጅ አንድ ወር የሚወስድበትን ስሌት በሳምንት ልትረዳው ትችላለች፤ በገበያ ሠርታበታለችና። የሚቀነሰው ድግግሞሹ እንጂ ዋናው ዕውቀት መሆን የለበትም። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናዎች እንደማንኛውም ተማሪ ስለሚጠብቋት፣ ጥራቱን የሚመሰክር መለኪያ አለ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሕጉን ማጥበቅ ይበቃል የሚል ነው። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው፣ ክፍተቱ የሚከፈተው ሕጉ በተከበረበት ቦታ ጭምር ነው። ቅጣት ጋብቻን ሊያዘገይ ይችላል፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ግን ወደ ቀበሌ አያቀርብም።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ በዚህ ባልተረጋጋ ጊዜ ስለ ዕድሜና ስለ ክፍል መከራከር ቅንጦት ነው የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ባልደረቦች ደክመው የሚሠሩ ስለሆኑ ቃላቸውን አከብራለሁ። መልሴ ግን ሰላም ሲጠበቅ ዕድሜ አይጠብቅም የሚል ነው። በ2012 ዓ.ም. 10 ዓመቷ የነበረች ልጅ በ2020 ዓ.ም. 18 ይሞላታል፤ የእኛ ዝግጅት ቢዘገይ የእርሷ ልደት አይዘገይም።

፯. ማጠቃለያ

ከዚህ ምርመራ በመነሣት የሚከተሉት ለሚመለከታቸው ይቀርባሉ።

1. ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት ዕድሜያቸው ላለፈ ተማሪዎች በሁለት ዓመት የሚያስጨርስ የተፋጠነ ሥርዓተ ትምህርት ይዘጋጅ። ሦስት ዓመት የተቋረጠባት ልጅ ከሦስቱ ሁለቱን በዚህ መንገድ ታስመልሳለች።

2. ለእነዚህ ተማሪዎች የሚዘጋጁት ምንባቦች በቋንቋ ደረጃቸው ቀላል፣ በጉዳያቸው ለአዋቂ የሚመጥኑ ይሁኑ፤ በአማርኛም በኽምጣናም ይታተሙ።

3. የጠፉ መዝገቦች በሚተኩበት ጊዜ ዕድሜ በቁመና አይገመት። የወላጅ ቃል፣ የክርስትና ቀን፣ የታላቅና የታናሽ ወንድምና እህት ዕድሜ ተመሳክሮ ይጻፍ፤ ግልባጩም በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ይህ አሠራር በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ትምህርት ሆኖ ይሰጥ።

4. ያገቡና የወለዱ ልጃገረዶች የሚማሩበት የከሰዓት ወይም የማታ ፈረቃ በወረዳው መቀመጫ ብቻ ሳይወሰን በየቀበሌው ጉድኝት ማዕከል ይከፈት።

5. «የተመለሱ ሴት ተማሪዎች» በሚል የሚቀርበው ቁጥር በክፍልና በዕድሜ ተከፍሎ ይቅረብ። 16 ዓመት ሞልቷቸው ከ8ኛ ክፍል በታች ያሉት ለብቻቸው ይታዩ፤ የሚቀጥለውን ዓመት አቋራጮች ከወዲሁ የሚያመለክተው ይህ ቁጥር ነውና።

ከአምስቱ መካከል ሦስተኛው ብዙ በጀት አይጠይቅም፤ በዚህ ሴሚስተር ሊጀመር ይችላል። በበኩሌ ያዘጋጀሁትን የንባብ ጽሑፍ ወደ ጠረጴዛዬ መልሼ፣ እንቁራሪቷን አውጥቼ የልደት ምዝገባ ቅጽን በማስገባት ጀምሬአለሁ። የጀመርሁት ዘግይቼ ነው፤ ጽሑፉን ለታናሽ እህቷ የወሰደችው ተማሪ ዛሬ በየትኛው ክፍል እንዳለች፣ ወይም በክፍል ውስጥ መኖሯን፣ አላውቅም።